መልስ፦ ከኦአሃካ ወጣ ያለ ጸጥተኛ መንደር

ሰላም ወንድሜ፣ ከሜክሲኮዋ ኦአሃካ ከተማ ብዙም ያልራቀ ጸጥ ያለ መንደር አለ ወይ፣ ደርሶ መልስስ ይበቃል ወይ ላልከው፣ እኔ የምመክርህ ቴኦቲትላን ዴል ቫዬን ነው። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ወደ ሚትላ የሚሄደው አውቶቡስ መገንጠያው ላይ ያወርድሃል፤ ከዚያ ሞቶታክሲ (ያው የእኛው ባጃጅ) ይዘህ ትገባለህ።

ነዋሪዎቹ ሳፖቴኮች (የአካባቢው ነባር ሕዝብ) ናቸው፤ የሚታወቁት በሱፍ ምንጣፍ ሽመና ነው። ቀለም አነካከሩን ሳታይ እንዳትመለስ። ቀዩ የሚገኘው ቁልቋል ላይ ከምትኖር ኮቺኒል ከምትባል ጥቃቅን ተባይ ነው፤ ትግራይ ውስጥ በለሱን የፈጀችው ያቺው ናት። የደረቀችዋን መዳፍህ ላይ ስትፈጫት ደም የመሰለ ቀለም ትሰጣለች፤ ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ደግሞ ወዲያው ወደ ብርቱካንማ ይዞራል። ግን ሁሉም ሸማኔ የተፈጥሮ ቀለም አይጠቀምም፣ ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ። ዋጋ ላይም አትጨክን፤ ትልልቁ ምንጣፍ ወራት ይፈጃል።

ደርሶ መልስ ይበቃል የሚሉ አሉ። እኔ ግን እደር ነው የምልህ፤ ገበያው የሚደምቀው በጠዋት፣ አስጎብኚዎቹ መኪኖች ሳይደርሱ ነው። እግረ መንገድህን የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ልብ ብለህ እይ፤ ከጥንቱ የሳፖቴክ ቤተ መቅደስ የተወሰዱ ቅርጽ ያላቸው ድንጋዮች ተገንብተውበታል።

መንገድ ላይ ለምታገኘው ሰው «ቡዌኖስ ዲያስ» (በስፓኒሽ እንደምን አደርክ) ማለት አትርሳ፣ ሳታስፈቅድም ፎቶ አታንሳ። ጥሬ ፔሶም ያዝ፣ ካርድ ሁሉም ቤት አይሠራም።