ስለ እናትሽ እግር ቁስል ለጠየቅሽው፦ ፋሻውን እንዳትነኩት

እህቴ፣ አብሽሪ። የእናትሽ እግር ከካንሰር ቀዶ ጥገናው በኋላ አራት ወር ሙሉ አልድን አለ፤ ሐኪሞቹ «ከጭናቸው ቆዳ ወስደን እንትከል» አሉ፤ ውጭ ያለው ወንድምሽ ደግሞ «ከእንስሳ የተሠራው ይሻላል» ይላል። ምን ይሻለናል ብለሻል። የአባቴ ጉዳይ ከናንተ ጋር አንድ ነው። እኛ የከፈልነውን እንዳትከፍሉ ልንገርሽ።

አባቴ ከሐይቅ ወጣ ብሎ ነው የሚኖረው። ልጅ ሆኖ ምድጃ ላይ ወድቆ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ተቃጥሎ ነበር። ጠባሳው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ቆሰለ። ቅባት ስንቀባ፣ ቅጠል ስናስር ከረምን። ናሙና ሲወሰድ የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። የድሮ ቃጠሎ ጠባሳ አልድን ብሎ ሲቆስል እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ቀድሞ የነገረን የለም።

1. ቁስሉ ከመሸፈኑ በፊት የፓቶሎጂ ውጤት ይኑራችሁ። የተቆረጠው ጠርዝ ከካንሰር ነፃ ነው የሚል ወረቀት። ካንሰሩ ተርፎ ከላዩ ቆዳ ቢተከል፣ ከሥር የሚያድገውን ማን ያየዋል? እኛ ይህን ወረቀት ይዘን ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘን አዲስ አበባ ገባን። ካርድ ክፍል ያለችው ሴትዮ የሪፈር ወረቀቱን አየት አደረገችና በመስኮቱ ወረወረችልን። «ማህተሙ አይነበብም፣ አሳድሳችሁ ኑ።» አባቴ በክራንች ቆሟል። «ልጄ፣ እግሬ ክፍት ነው እኮ» ሲላት ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ደሴ ተመልሼ ማህተም እስካስመታ ሦስት ቀን ሄደ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። እናንተ ገና ደሴ ሳላችሁ ማህተሙ ጎልቶ መመታቱን እዩ። የጤና መድህኑም ይታደስ። ሁሉንም ኮፒ አድርጉ።

2. የሚተከለው ቆዳ ያገኘበት ሁሉ አይይዝም። አጥንት ከተገለጠ፣ ደም ከሌለ ይሞታል። የአባቴ አጥንት ይታይ ስለነበር መጀመሪያ ከባቱ ጡንቻ ከነደም ሥሩ አዙረው ሸፈኑት። ቆዳው ከዚያ ላይ ነው የተተከለው። እናትሽ ለካንሰሩ የጨረር ሕክምና ወስደው ከሆነ ይህን በደንብ ጠይቂ። ጨረር የነካው ቦታ ደም ስለሚያጥረው ቀጭን ቆዳ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃውም።

ወንድምሽ የሚለው ከእንስሳ የተሠራ የቁስል መሸፈኛ በእውነት አለ። ከላም ወይም ከአሳማ ቆዳ የተሠራ፣ የእንስሳው ሴሎች ታጥበው ወጥተው እንደ መረብ ያለው የቆዳው ድር ብቻ የቀረ ነው። የሰውየው የራሱ ደም ሥር ቀስ እያለ ይገባበታል፤ ብዙ ጊዜ በኋላ ከላዩ የራሱ ቀጭን ቆዳ ይጨመርበታል። እኛ አገር የምንቀብረው የእንግዴ ልጅ ስስ ሽፋንም ተመርምሮና ተዘጋጅቶ ለቁስል ይውላል። ግን አንዳቸውም ካንሰር አያድኑም፤ በፖስታ አስመጥተሽ የምትለጥፊውም አይደለም። ሐኪሙ ይወስን። ከየትኛው እንስሳ እንደሆነም ጠይቂ። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሳማ አይነካም፤ ሸኹን ወይም የንስሐ አባታቸውን ቀድማችሁ አማክሩ።

3. ፋሻው። ይህን ብቻ ብታነቢም ይበቃኛል።

የአባቴ ቆዳ በተተከለ በሦስተኛው ቀን «ያሳክከኛል» አለ። ሲስተሯ እንዳትነኩት ብላን ሄዳለች። አጎቴ «እስቲ በትንሹ እንየው፣ ሽታም አለው» አለኝ። የፈታሁት እኔ ነኝ። የመጨረሻው ጎዝ ተጣብቆ ነበር፤ ሳብ ሳደርገው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳው ቆዳ አብሮ መጣ። አባቴ ፊቴን አይቶ ገባው። አንድም ቃል አልተናገረም።

ዶክተሩ በኋላ አስረዳኝ። አዲሱ ቆዳ መጀመሪያ ላይ የራሱ ደም የለውም፤ ከሥሩ ያለውን እርጥበት እየመጠጠ ነው የሚቆየው። ከዚያ ጥቃቅን ደም ሥሮች ይቀጥሉታል። በሦስተኛው ቀን ገና እየተያያዘ ነው። ትንሽ መንሸራተት፣ ከሥሩ ደም ወይም መግል መቋጠር ይገድለዋል። እነሱ ራሳቸው ብዙ ጊዜ የሚፈቱት በአምስተኛው ቀን አካባቢ ነው። ሽታ፣ ትኩሳት ወይም የሚብስ ሕመም ካለ ሲስተሯን ጥሩ፤ እጃችሁ ግን አይግባ።

ሁለት ወር ጠብቀን ከሌላኛው ጭኑ እንደገና ተወሰደ። ቆዳ የተወሰደበት ጭን ከቁስሉ ይብስ ያማል፤ እናትሽን ቀድመሽ ንገሪያቸው። በዚህኛው ዙር እኔ አልጋው ሥር ምንጣፍ ዘርግቼ ተኛሁ። ጠያቂ ሲመጣ እግሩ ጋ አላስጠጋም። እንቁላልና ወተት በሰዓቱ አበላሁት፤ ቁስል ያለ ምግብ አይድንም። ረመዳን ሲገባ እጾማለሁ ብሎ አስቸገረ፤ ሸኻችን ራሳቸው ከለከሉት።

ሁለተኛው ያዘ፣ አልሃምዱሊላህ። ዛሬ እስከ መስጊድ በእግሩ ይሄዳል። ዶክተሩ ጥሩ አስታመሻል ሲለኝ አለቀስኩ።

ቀኑ ሲቆረጥላችሁ እዚሁ ጻፊልኝ። ከእናትሽ ጋር የሚያድረውን ሰው ግን ዛሬውኑ ምረጡ፤ «እስቲ እንየው» ሲባል እምቢ የሚል ይሁን።