የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የባሌት ጫማ ልግዛላት?

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤቷ የባህል ክበብ እስክስታ ትመታለች። ዘንድሮ ግን ባሌት በስልክ አይታ «ሥራዬ ይኼ ነው» ብላ ቆርጣለች። በጣት ጫፍ የሚያስቆመውን ጫማ ልናዝዝላት ነው። ዕድሜዋ አላለፈም? እንጀራስ ይሆናታል?
እናት፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ጫማውን ለጊዜው ይተዉት። ጫፉ የጠነከረው ጨርቅና ወረቀት በሙጫ ተደራርቦ ስለተሠራ ነው፤ ላብ ሲጠጣ ይለሰልሳል። በትልልቅ ቡድኖች አንድ ጥንድ በአንድ ምሽት ትርኢት ብቻ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። እግሯ ሳይጠነክር የምታደርገው ልጅ ትርፏ ወለምታ ነው። መምህራን የሚፈቅዱት በለስላሳ ጫማ ለዓመታት ለሠራች ተማሪ ነው። እስከዚያው ግድግዳ በጣቷ ነክታ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ፣ በአንድ እግሯ ቆማ ተረከዟን 20 ጊዜ ታንሳ። መሐል ላይ ቁርጭምጭሚቷ ከተንቀጠቀጠ ገና ናት፤ ብትጨርስ እንኳ ያለ መምህር ጫማው አይፈቀድላትም።

ሚስቲ ኮፕላንድ በ13 ዓመቷ ጀምራ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካን ባሌት ቲያትር የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ዋና ተወዛዋዥ ሆናለች። ነገር ግን መምህሯ ቤት ሳይቀር እየኖረች ነው የተማረችው። የልጅዎ ችግርም ዕድሜዋ ሳይሆን የመምህር እጦት ነው።

በቪዲዮ ብቻ የሚማሩ ልጆች የሚበላሹት እግር አከፋፈት ላይ ነው። መክፈቱ ከዳሌ መጀመር ሲገባው የእግራቸውን ጣት ብቻ ወደ ውጭ ያዞራሉ፤ ጉልበት መሐል ላይ ይጠመዘዛል። ጉልበቷን አጥፋ ዝቅ ስትል ይመልከቷት፦ የጉልበቷ ሎሚ ከሁለተኛው የእግር ጣቷ ትይዩ ካልመጣ አከፋፈቷን ትቀንስ። ትከሻዋም ያስቸግራታል፤ የጎጃም እስክስታ የሚያንቀጠቅጠውን ትከሻ ባሌት ዝቅ አድርጎ ጸጥ ያሰኘዋል። የምት ጆሮዋ ግን ሀብቷ ነው።

እንጀራውን በተመለከተ፣ በውጭ አገር ቡድኖች መንገዱ ከተለማማጅ ወደ ኅብር (በቡድን የሚወዛወዝ)፣ ከዚያ ወደ ሶሎ (ለብቻው የሚወዛወዝ)ና ወደ ዋና ተወዛዋዥ ነው፤ ብዙዎቹ ኅብሩ ላይ ይቀራሉ። ቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በሚፈጅ የጠዋት ትምህርት ይጀመራል፤ ዋናዎቹም አይቀሩበትም። ከዚያ ልምምድ እስከ ምሽት ነው። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ኮንትራቱ ዓመቱን ሙሉ ስላልሆነ በቀሩት ሳምንታት እያስተማሩ ይኖራሉ። በፓሪስ ኦፔራ የባሌት ቡድን የጡረታ ዕድሜ 42 ነው፤ ጉዳት የገጠመው ደግሞ ከዚያም በፊት ይወጣል። ስለዚህ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ። እስክስታውንም አትተው፤ ለቅርቡ ደመወዝ እንደ ባሕር ዳሩ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ያሉት የኪነት ቡድኖች ይሻሏታል።

ጥያቄ፦ የምንለማመደው ሲሚንቶ ላይ ነው። የሁላችንንም ቅልጥም ያመናል። ምንጣፍ ብናነጥፍስ?
ተወዛዋዥ፣ ከሞጣ

መልስ፦ ምንጣፍ ያንሸራትታል እንጂ የዝላዩን ምት አይውጥም። ሞራሌ እንጨት በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ደርድሩ፤ ከሥሩ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ አድርጉ፤ ከላይ ጣውላ ምቱ። ስትረግጡት ትንሽ ሰጠት ማለት አለበት። ሕመሙ ቅልጥሙን ተከትሎ የተዘረጋ ከሆነ ዝላይ ቀንሱ። በአንድ ጣት ሲጫኑት አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ የሚያም ከሆነ ግን አጥንቱ መሰንጠቅ ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል ዝላይ አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ቢሆንም አትዘናጉ፤ ስንጥቁ በራጅ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ነው።