ማን ቆጠራቸው?

ባለፈው ወር፣ እዚህ ቨርጂኒያ፣ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ሻይ ይዤ ቆሜ ሳለሁ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ቀረበችኝ። «ጋሼ፣ የድሮ የአሜሪካ ሳንቲም ያውቃሉ አሉኝ። አንድ ዓይነት ሳንቲም በዓለም ላይ 10 ብቻ ቀረ ሲባል፣ ማን ቆጠራቸው?»

ሰው ይጠብቀኛል ብያት ሄድኩ። የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። ለእሷ ያልመለስኩትን ለእናንተ እጽፋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሳንቲም አትጠቡ፣ በጠርዙ ያዙ የሚለውን አልደግምላችሁም፤ የትም ታገኙታላችሁ። ጥያቄው እንዲገባችሁ ግን ስለ ሥራው ትንሽ ላውጋችሁ። የፊላደልፊያው የገንዘብ ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1792 በወጣ ሕግ ነው። በዚያ ዘመን ሳንቲሙን የሚመታው ብረት፣ እኛ «ዳይ» የምንለው፣ ግማሽ የእጅ ሥራ ነበር። በሳንቲሙ ፊት ላይ ያለችው ሴትዮ ምስል ከአንድ ዋና ቅርጽ ይገለበጣል። ኮከቦቹን፣ የዓመቱን አሃዞችና ፊደሎቹን ግን ሠራተኛው አንድ በአንድ በመዶሻ ይመታቸዋል፤ እጅ ደግሞ ሁለቴ አንድ ቦታ አያርፍም። በአንዱ ዳይ መጨረሻው ኮከብ ጸጉሯን ሊነካ ይደርሳል፣ በሌላው ይርቃል። በአንዱ ጀርባ ከንስሩ በላይ ያለው ጽሑፍ ወደ ግራ ይሸሻል፣ በሌላው ወደ ቀኝ። ከ1807 እስከ 1836 በተመቱት፣ ጠርዛቸው ላይ ጽሑፍ ባላቸው ግማሽ ዶላሮች ብቻ 450 ገደማ የፊትና የጀርባ ጥምረቶች ተለይተዋል። ብረት ውድ ስለነበር አሮጌ ዳይም አይጣልም ነበር፤ በድሮው ዓመት አሃዝ ላይ አዲሱ ይመታበታል። የ1817ን ግማሽ ዶላር ውሰዱ፤ በ3 ላይ 7 የተመታበትን መፈለግ ያን ያህል አያደክምም፣ በ4 ላይ 7 የተመታበት ግን የታወቀው ደርዘን ያህል ብቻ ነው። ልዩነቱ የምስማር ጫፍ የምታህል የ4 ቅሪት ናት።

ይህ ለእኔ አዲስ አልነበረም። አያቴ ጠገራ ብር ስትቀበል ዓመቱን አታይም፤ ብታይስ ምን ሊጠቅማት፣ ቪየና ይመታ፣ ለንደን ይመታ፣ ሮም ይመታ፣ የተጻፈበት 1780 ነው። እሷ የንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ በአውራ ጣቷ ጥፍር እየነካች ፈርጦቹን ትቆጥራለች፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ጥላ ድምፁን ትሰማለች። ድምፁ ካልጣማት መልሳ ትሰጣለች። ቆጠራዋ ተሳስቶ አያውቅም።

እኔ ይህን ሥራ የተማርኩት ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ነው። አስተማሪዬ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። አጉሊ መነጽር የሰጡኝ እሳቸው፣ «ፊቱን አይተህ አትፍረድ፣ አንድ ፊት ሦስት ጀርባ ሊያገባ ይችላል» ያሉኝ እሳቸው፣ ስንጥቅን መከተል ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው። ዳይ ሲደክም ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እያንዳንዱ ሳንቲም ላይ ትንሽ እብጥ ያለ መስመር ሆኖ ይወጣል፣ በየምቱም ይረዝማል። አጭር መስመር ያለው ቀድሞ የተመታ፣ ረጅሙ ያለው ኋላ የተመታ ነው።

በ1994 ባልቲሞር በተደረገ የሳንቲም ትርዒት ላይ፣ ዓመታቸው ብቻ የተጻፈባቸው ግማሽ ዶላሮች ከተደረደሩበት ሳጥን ውስጥ አንዱን አየሁ። ዓይነቱን፣ ማለትም የፊትና የጀርባ ጥምረቱን፣ በመዝገብ ቁጥሩ አልጠራውም፤ ኋላ የገዛኝ ሰው ቤተሰብ በሕይወት አለ። ሻጩ የጠየቀኝን ከፍዬ፣ ምንም እንዳላየ ሰው ወጣሁ። በዚህ አላፍርም፤ ነጋዴ የሸቀጡን ልክ ማወቅ የራሱ ፈንታ ነው። ዓይነቱ እስከዚያ ቀን 10 ይታወቅ ነበር፣ የእኔው 11ኛ ሆኖ ተመዘገበ።

የምንጠቀምበት የብርቅነት መለኪያ ከ1 እስከ 8 ይሄዳል። ሼልደን የሚባል ሰው በ1949 ለመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ነው፤ የብር ሰብሳቢዎችም ወረሱት። 1 ማለት ከ1,250 በላይ ይታወቃሉ፣ 8 ማለት ከ1 እስከ 3 ብቻ። ሰባተኛው ደረጃ ከ4 እስከ 12 ነው፣ ስድስተኛው ከ13 እስከ 30። አያችሁ አይደል፣ በ12 እና በ13 መካከል ያለችው አንዲት ሳንቲም ብዙ ገንዘብ ናት።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የፔንሲልቫኒያ ገበሬ ቤተሰብ የቆርቆሮ ሣጥን ሙሉ ብር በሚዛን ሸጠልኝ። ግማሽ ዶላር በዚያ ዘመን ከእጅ ወደ እጅ ብዙም አይዞርም ነበር። የብር ዶላር መምታት ከ1804 በኋላ ስለቆመ ትልቁ ብር እሱ ሆነ፣ ባንኮችም በከረጢት ያስቀምጡት ነበር፤ ለዚህ ነው ብዙ ሳይፋቅ የሚገኘው። ሣጥኑን ዳሱ ውስጥ ሌሊት ስበረብር ያው ዓይነት ወጣ። ንጋት ላይ ደግሞ ሌላ። አሥራ ሁለተኛና አሥራ ሦስተኛ።

ለማንም አልተናገርኩም። በትንሽ ፖስታ አድርጌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው፣ «እጠይቃለሁ፣ አረጋግጣለሁ» እያልኩ። በዓመቱ ሽማግሌው የመጀመሪያውን እንድሸጥላቸው ጠየቁኝ። «ከ12 አይበልጥም እኮ» አሉ፣ እኔን ሊያስረዱ። ራሴን ነቀነቅሁ። ጀልባቸውን ሸጠው ከፈሉኝ። የሚያጠምዱባት ጀልባ ነበረች፤ ሁለት ጊዜ ይዘውኝ ወጥተዋል፣ ሁለቱንም ጊዜ አስመልሶኛል። በዚያ ገንዘብ እናቴን አስመጣሁ። ይህን ለማስተዛዘኛ አይደለም የምነግራችሁ፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ሳያውቁ ሞቱ። ልጆቻቸው ስብስቡን በጨረታ ሲሸጡ ከሌላ ሰው እጅ ሦስት ተገኝተው ደረጃው ወደ ስድስት ወርዶ ነበር። ያ ሳንቲም የጀልባዋን ግማሽ እንኳ አላወጣም።

ልጅቱ ለጠየቀችው መልሱ ይኸው ነው። የቆጠራ ቢሮ የለም። ያየ ሰው አየሁ ሲል ይጨመራል፣ ዝም ሲል አይጨመርም።

የዛሬ ወጣቶች ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚጠይቁኝ። በ2013 አንድ የ1794 ዶላር ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሸጡን ስልካቸው ላይ ያያሉ፣ የሳንቲማቸውን ብዥ ያለ ፎቶ ይልኩና «ስንት ያወጣል?» ይላሉ። ጀርባውን ላኩ ስላቸው ይጠፋሉ። ስልክ ዓይን አይሆንም። አንድን ዳይ ለመለየት ሳንቲሙን መብራት ሥር እያዘነበሉ፣ ያንኑ ኮከብ ሃያ ጊዜ ማየት ነው።

ያለፈው ቅዳሜ ለልጅቱ አባት ደውዬ ይዟት እንዲመጣ አደረግሁ። ፖስታውን ከፈትኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ አንገቷን አላቀናችም፤ ከዚያ፣ ሃያ ሰባት ዓመት እኔ ያላየሁትን አሳየችኝ። በአንደኛው ስንጥቁ ከጠርዙ ተነስቶ አራተኛው ኮከብ ላይ ይቆማል፣ በሌላኛው ግን የሴትዮዋ አገጭ ደርሷል።

«የሸጡትስ? የሱ ስንጥቅ የት ድረስ ነበር?»

አላውቅም አልኳት። አንድ ዓመት ያህል ሦስቱም እጄ ላይ ነበሩ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ግን አስቀምጬ አላየኋቸውም። ጎን ለጎን ካስቀመጥኳቸው መቁጠር ይሆንብኛል ብዬ ነበር።

«በጨረታው ጊዜ ፎቶ አንስተውት ይሆናላ» አለችና ስልኳን አወጣች። እኔም መነጽሬን ፍለጋ ተነሳሁ።