ለጀማሪ የአዲስ ሚዲያ አርቲስት
ጥያቄ፦ ከማኅበረሰብ ጋር በድምፅና በቪዲዮ የምሠራ ጀማሪ አርቲስት ነኝ፤ ሥራዬ በግድግዳ የሚሰቀል ስላልሆነ ለማን ላቅርበው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አምስተርዳም የሚገኘው ፕሪንስ ክላውስ ፈንድ በሙያቸው የመጀመሪያ ዓመታት ላይ ላሉና ማኅበራዊ ጉዳዮችን ለሚዳስሱ አርቲስቶች የ5,000 ዩሮ ሽልማት ሲሰጥ ቆይቷል፤ በኦስትሪያዋ ሊንዝ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው ፕሪ አርስ ኤሌክትሮኒካ የዲጂታል ጥበብን ይሸልማል። በሁለተኛው አንጋፋዎችም ስለሚወዳደሩ፣ በመጀመሪያው እንዲጀምሩ እመክራለሁ። በማመልከቻዎ ግን ቪዲዮውን ብቻ አያያይዙ፤ ነዋሪዎቹ በዕቅዱ ምን ድርሻ እንደነበራቸው፣ ምስላቸውና ድምፃቸው ለሕዝብ እንዲቀርብ እንዴት እንደፈቀዱ፣ ሥራው ሲያበቃም ቅጂው በማን እጅ እንደቀረ በግልጽ ይጻፉ፤ ይህን ያልመለሰ ሥራ፣ ቴክኒኩ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ በእኔ እምነት ገና አላለቀም።