ስለ ስታግ ሜዳ

«የመጀመሪያው የኑክሌር ማብላያ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሜዳ ተሠራ የሚባለው እውነት ነው? ሜዳውስ ዛሬ አለ?» ብለሃል። እውነት ነው። ሜዳው ግን የለም።

ስታግ ሜዳ የተሰየመው የዩኒቨርሲቲውን የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን አርባ ዓመት ገደማ ባሠለጠነው በአሞስ አሎንዞ ስታግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ቡድኑ ሲበተን ያ ሁሉ ጩኸት የነበረበት ቦታ ጭር አለ። ማብላያው በመጀመሪያ ሊሠራ የታሰበው ከከተማ ወጣ ባለው የአርጎን ጫካ ነበር። የግንባታ ሠራተኞች ውዝግብ ሥራውን ቢያዘገየው የፊዚክስ ሊቁ ኤንሪኮ ፌርሚና ጓደኞቹ በምዕራቡ የተመልካች መቀመጫ ሥር ወደሚገኘው የስኳሽ (ኳስ በራኬት ግድግዳ ላይ እየተመታ የሚካሄድ ጨዋታ) መጫወቻ ክፍል ገቡ።

ክፍሉ ማሞቂያ አልነበረውም። ማብላያው የሚገነባበት የግራፋይት (የካርቦን ዓይነት) ጡብ ሲቆረጥ የሚበነው ጥቁር ዱቄት ወለሉን ያሙለጨልጨው ነበር፤ ፊታቸውንም የከሰል ሠራተኛ ፊት አስመሰለው። በር ላይ የቆሙት ጠባቂዎች ብርዱን የተቋቋሙት እዚያው በተገኙ አሮጌ የፀጉር ካፖርቶች ነው። ታኅሣሥ 2 ቀን 1942 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ ኅዳር 23 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ ከሰዓት በኋላ የሰው ልጅ የኑክሌር ሰንሰለታዊ ምላሽን፣ ማለትም አንዱ አቶም ሲሰነጠቅ ሌላውን እየሰነጠቀ የሚቀጥልበትን ሂደት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣጠረ። ዙሪያውን ግን ምንም የማያውቅ ትልቅ ከተማ ነበር! እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነግጣለሁ።

መቀመጫዎቹ እ.ኤ.አ. በ1957 ፈረሱ። በሜዳው ላይ አሁን እ.ኤ.አ. በ1970 የተከፈተው የሬገንስታይን ቤተ መጻሕፍት አለ። ማብላያው የነበረበትን ቦታ ከፈለግህ ቀራፂው ሄንሪ ሙር የሠራውን የነሐስ ሐውልት ፈልግ፤ የቆመው እዚያው ላይ ነው።