መልስ፦ ማስተማርና መድረክ አብረው ይሄዳሉ ወይ?

ሰላም ወንድሜ፤ «ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሙዚቃ ካስተማርኩ መድረክ ይቀርብኛል ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው፣ አይቀርብህም። ብዙ አንጋፋዎች ሁለቱን አብረው ይዘው ኖረዋል።

ያኖሽ ስታርከርን ውሰድ። በቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የቼሎዎቹ (እንደ ትልቅ ቫዮሊን ያለ፣ ተቀምጠው የሚጫወቱት ባለ ክር መሣሪያ) መሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ቦታውን ትቶ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። ዓለምን እየዞረ በብቸኛ ተጫዋችነት ኮንሰርት ማቅረቡን ግን አልተወም።

ለእኔ ግን አሜሪካዊው የባንድ መሪና መምህር ፍሬድሪክ ፌኔል ይበልጥብኛል። እ.ኤ.አ. በ1952 በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የትንፋሽ መሣሪያ ቡድን አቋቋመ። በትልልቅ ባንዶች አንዱን የክላርኔት መስመር (በኖታ የተጻፈለትን ድርሻ) ብዙ ተማሪ በአንድነት ይጫወተው ነበር፤ እሱ በመሠረቱ ለአንድ መስመር አንድ ተጫዋች አደረገ። ተማሪው ከጎኑ የሚሸፍንለት ሲያጣ ትንፋሹም፣ አጀማመሩም፣ ስሕተቱም ጥርት ብሎ ይሰማል፤ በደንብ ሳይዘጋጅ መምጣት አይችልም። በዚህ መንገድ የክፍሉ ልምምድ ራሱ ለመድረክ የሚበቃ ሆነ፤ የቡድኑ ቅጂዎች ዛሬም ይደመጣሉ።

ስለ ቅጥሩ ባጭሩ፦ ለኮንዳክተርነት (ኦርኬስትራ ወይም ባንድ የመምራት ሙያ) መምህር ብዙ ቦታ ላይ ዶክትሬት ይመረጣል። በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ኮንሰርትና ቅጂ ለማዕረግ ዕድገት እንደ ምርምር ይቆጠራል፤ ስለዚህ መጫወትህ ከሥራህ አይነጥልህም። አመልካቾችን ብዙ ጊዜ የተማሪ ኦርኬስትራ ያስመሯቸዋል። ከኮንሰርት ቪዲዮ ሌላ የልምምድ ቪዲዮም ከአሁኑ አዘጋጅ፤ ስሕተት ሰምተህ እንዴት እንደምታቀና የሚታየው እዚያ ነው።