ስጉ፣ ሸሺ ወይስ የተረጋጋ? ስለ ባልና ሚስት ቁርኝት ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ የሚመልሱልን እትዬ በጥንዶች ምክር ሥራ ላይ የቆዩ ናቸው። ጥያቄያችሁን ከነሰፈራችሁ ጻፉ።

መላሽ፦ ቁርኝት ስንል፣ ሲጨንቀን ወደ ማን እንደምንሄድና ያ ሰው ይደርስልናል ብለን ምን ያህል እንደምናምን ነው። ስጉ የምንለው እተዋለሁ ብሎ የሚሰጋውን፣ ሸሺ የምንለው ከመቀራረብ የሚርቀውን፣ የተረጋጋ የምንለው ሁለቱም የማያስቸግሩትን ነው። ሰው ላይ ስም ለመለጠፍ የመጣ ካለ ይቅርበት።

ከኮዬ ፈጬ፦ እትዬ፣ ባሏ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኖ ስልክ ካላነሳ አሥር ጊዜ የምትደውል ሚስት ስጉ ናት?

መላሽ፦ በአንድ ምሽት አይባልም። ካነሳ በኋላ ያለውን እዪ። የተረጋጋችው ድምፁን ስትሰማ ልቧ ይመለሳል። ስጉዋ ግን ከሰማችም በኋላ «ከማን ጋር ነበርክ?» ትላለች። የፈለገችው «አለሁልሽ» እንዲላት ነው፤ እሱ የሰማው ግን ክስ ነው። ሸሺ ከሆነ ስልኩን ያጠፋል፣ እሷም አሥሩን ሃያ ታደርገዋለች።

በሰላም ቀን ተቀምጠው ይስማሙ። እሱ ሰልፍ እንደያዘ «2 ሰዓት እገባለሁ» ብሎ ይጻፍ፤ ከዘገየ ሳይጠየቅ አዲስ ሰዓት ይንገራት። እሷ አንዴ ትደውል፣ አንድ መልእክት ትጻፍ፣ ከዚያ የተባለው ሰዓት እስኪደርስ ትቆይ። ስምምነቱ የሚፈርሰው ሰዓቱን አሳንሶ ሲናገር ነው። 2 ብሎ 3 ሰዓት ከሚገባ፣ 3 ብሎ ለ3 ሩብ ጉዳይ ቢገባ ይሻላል።

ከጣፎ፦ እኔ የትኛው ነኝ?

መላሽ፦ ምንም ሳትነግረኝ በምን ልወቅ?

ከሰበታ፦ ኢንተርኔት ላይ በአሥር ጥያቄ የሚለይ አለ፣ እሱን ሙላ።

መላሽ፦ ተው፣ ተው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውና ተመራማሪዎች የሚሠሩበት መጠይቅ 36 ዓረፍተ ነገሮች አሉት። 18ቱ የመተው ስጋትን፣ 18ቱ ከመቀራረብ መሸሽን ይለካሉ፤ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ይሰጣል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ የተረጋጋ፣ ስጋቱ ብቻ ከፍ ካለ ስጉ፣ ሽሽቱ ብቻ ከፍ ካለ ሸሺ፣ ሁለቱም ከፍ ካሉ መቀራረብን እየፈለገ የሚፈራ። መጠኑን ነው የምናየው። በስጋቱ 3.9 እና 4.1 ያገኙ ሁለት ሰዎች ልዩነታቸው ኢምንት ነው፣ የተለያየ ስም ቢሰጣቸው ስህተት ነው። በትዳር ጓደኛችሁ ስም ደግሞ አትሙሉት። ስም አትለጥፉ ብያለሁ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው። እኛ ጋ ልጅ የሚያድገው በአያት፣ በአክስት፣ በጎረቤት ነው።

ከለቡ፦ ወንድሜ፣ ጎረቤት ድሮ ቀረ። ኮንዶሚኒየም ገብተን ፊት ለፊት በር ማን እንዳለ አናውቅም።

ከቱሉ ዲምቱ፦ እኛ ፎቅ ላይ ቡና እንጠራራለን፣ እህቴ።

ከለቡ፦ ታድላችሁ! እኛ ጋ የምንገናኘው ውሃ ሲጠፋ ነው።

መላሽ፦ የቡናውን ለሌላ ቀን። ሐሳቡን የጀመረው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦውልቢ ነው፤ አብራው የሠራችው ተመራማሪ ሜሪ ኤይንስወርዝ ግን እናትና ልጅን ቤታቸው ሄዳ መጀመሪያ ያጠናችው እዚሁ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ ውስጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955። 26 ቤተሰብ ነበሩ። ልጅ ከአንድ ሰው በላይ ይቆራኛል፤ አያት ማሳደጓ ብቻውን ሸሺ አያደርገውም። ሲያለቅስ የሚደርስለት አለ ወይ ነው ጥያቄው።

ከሰበታ፦ የሚማታ ባልስ ሸሺ ነው?

መላሽ፦ ዱላ ካለ ስለ ቁርኝት አላወራም። መጀመሪያ ከምታምኚው ዘመድ ጋር ሆነሽ ከአደጋው ውጪ።

ከጣፎ፦ ስጉ ሰው ይለወጣል? እኔስ የትኛው ነኝ?

መላሽ፦ ይለወጣል፤ ቃሉን ከሚጠብቅ ሰው ጋር፣ በዓመታት። ሁለተኛውን መልሼልሃለሁ።

ከጀሞ፦ ጭቅጭቅ ሲነሳ ዝም የሚል ባል?

መላሽ፦ ዝም ያለ ሁሉ የናቀ አይደለም። የልብ ምቱ በደቂቃ ከ100 ካለፈ የምትዪውን በደንብ አይሰማም፣ ስለዚህ እረፍት ውሰዱ፤ ከ20 ደቂቃ አይነስ። የሚወጣው ሰው የሚመለስበትን ሰዓት ተናግሮ ይውጣ። ሰዓት ሳይናገር ከወጣ ለስጉዋ ጥሏት እንደሄደ ነው፣ በሩ ላይ ትከተለዋለች። በእረፍቱም መልስ እያዘጋጀ ከተብሰለሰለ ልቡ አይወርድም፤ ውሃ ይቅዳ፣ ሰፈሩን ይዙር። ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ያቋረጠው ሰው ራሱ ጨዋታውን ይጀምር። ብዙዎች የሚዘሉት ይሄንን ነው፤ ሁሌ እሷ ከጀመረች አሁንም አሳዳጇ እሷው ናት።